ክር የታሰረበት የካሪ ብልቃጥ

በሠላሳ አንድ ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። አሥራ ሁለት ዓመት ምድጃ ፊት የቆመ ሰው ዕድሜው ከተወለደበት ቀን አይቆጠርም። ባለፈው ክረምት ሳሉ አላስተኛ ሲለኝ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ጀርባዬን አዳምጣ፣ "ሥራህ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ወጥ ሠሪ ነኝ።"

ከወረቀቷ ቀና ብላ ጣቶቼን አየች። ጥፍሮቼ ቢጫ ነበሩ። "ሲጋራም ታጨሳለህ?"

"እሱ ካሪ ነው።"

ሳቀች፤ ወዲያው ግን ሳቋን ሰብስባ፣ "እንግዲህ ወይ ጭሱን ተው፣ ወይ ሳንባህን ተው" አለችኝ።

ጭሱን ተውኩ። አሁን ጎንደር አራዳ፣ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ማመልከቻ እተይባለሁ። ወንበር አለኝ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስውል ግን ቆሜ ከምውልበት ዘመን ይልቅ ይደክመኛል። ደንበኛ ሲጠፋ የተበላሸ ወረቀት ገልብጬ እጽፋለሁ፤ ይህንንም የጻፍኩት እንዲሁ ነው።

ሥራ የጀመርኩት እዚያው አራዳ፣ አሁን ከምቀመጥበት ሁለት መንገድ አልፎ በነበረ ምግብ ቤት ነው። የትምህርት ውጤት አልመጣልኝም ነበርና የቤቱ ባለቤት ጋሽ ምሕረቴ ሳህን አጣቢ አድርጎ ቀጠረኝ። ደመወዙን ብናገር ለእሱም ለእኔም ያሳፍራል። የጤና ምርመራ ካርዴን ግድግዳ ላይ ሰቀለና "በዚህ ቀልድ የለም!" አለ፤ ከዚያ ወዲያ ካርዱን ቀና ብሎ ያየው ዝንብ ብቻ ነው።

ወጥ ቤቱን የምታዘው እትዬ ውዴ ነበረች። ቁመቷም ቃሏም አጭር የሆነ የኮላ ድባ ሴት ናት። በልጅነቷ ጎንደር መጥታ ህንዳዊ አስተማሪ ቤት ተቀጥራ ነበር፤ ካሪን ያወቀችው ከአስተማሪው ሚስት ነው። ህንዶቹ አገራቸው ሲገቡ የወተት ዱቄት ጣሳ ሙሉ ካሪ ትተውላት ሄዱ። ካሪው ካለቀ ስንት ዘመኑ፤ ጣሳው ግን እኔ ስቀጠርም መደርደሪያው ላይ ነበር።

ካሪ ለብዙ ሰው ከገበያ በትንሽ ፌስታል የሚገዛ ቢጫ ዱቄት ነው። ወጡ ሊወርድ ሲል እንደ ጨው ይበተንበታል፤ ከዚያ "አፈር አፈር ይላል" ተብሎ ይታማል። እውነትም ጥሬው አፈር ነው። እትዬ ውዴ ሐሜቱን ስትሰማ ትናደድ ነበር። "ባዕድ ነገር እኮ አይደለም" ትላለች። "እርዱም፣ ድንብላሉም፣ ከሙኑም፣ አብሹም እኛው ቤት አሉ። አብረው ሲመጡ ጊዜ ነው ያላወቅናቸው።"

አሠራሯ እንዲህ ነበር። ዘይቱን ታሞቅና ድስቱን ከእሳት ታወርዳለች። ካሪውን ጣል ታደርግና እያማሰለች አቡነ ዘበሰማያት ትደግማለች፤ ከንፈሯ ብቻ ይንቀሳቀሳል። የዕለት እንጀራ የሚለመንበት ቦታ ስትደርስ አንድ ጭልፋ ውኃ ትጨምራለች። ከዚያ በፊት ውኃ ከገባ ካሪው ጥሬ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ይመርራል። ሰዓት ይዤ ልለካ ሞክሬ ነበር፤ እንደ እሷ ከንፈር የሚሆን ሰዓት አላገኘሁም።

"ጸሎቱንስ አትጨርሺውም?" አልኳት አንድ ቀን።

"ቀሪውን ስተኛ እጨርሰዋለሁ። አንተ ሽንኩርትህን እይ።"

በዚህ ዓይነት ድንቹም፣ ጥቅል ጎመኑም፣ የአተር ክኩም፣ የፎገራ ሩዙም ካሪ ይነካው ነበር። ማካሮኒ የበዛብን ቀን እንኳ በካሪና በካሮት አሽታው ስታወጣው፣ በዳቦ ጠርገው የሚበሉት የቢሮ ሰዎች ነበሩ። አስተናጋጇ እያሾፈች፣ "አበባው፣ እናትህ ወንድ ወለድኩ ብላ እልል ያለችው ለዚህ ነው?" ትለኛለች፣ ሽንኩርት ስልጥ ባየችኝ ቁጥር። እኔም በካሪ ካርቶን ጀርባ ላይ ግጥም እጽፍ ነበርና፣ "አንቺን ግጥም ውስጥ ባላስገባሽ!" እላታለሁ። አንድ ጊዜ ቤት መምቻ ስፈልግ ሽንኩርቱን አሳረርኩ። እትዬ ውዴ ካርቶኑን ከእጄ ወስዳ አገላብጣ አየችው። ማንበብ አትችልም። "ያማረ ነው?" አለችኝ። "ይመስለኛል" አልኳት። "እንግዲያው እሱን ለጋሽ ምሕረቴ አቅርብለት፤ ይብላው።"

አሁን ወደ ብልቃጦቹ ልምጣ፤ ነገሬ ሁሉ እነሱ ላይ ነው። በየቀኑ ካሪ ማብሰል ጊዜ ስለሚፈጅ እትዬ ውዴ ለሳምንት የሚበቃውን በአንድ ቀን ትሠራና በሁለት የማርማላታ ብልቃጥ ታስቀምጥ ነበር። አንደኛው በኑግ ዘይት የበሰለ የጾም ካሪ ነው፤ ሌላው በነጠረ ቅቤ የበሰለ የፍስክ። ካሪ ሁለቱንም አንድ ዓይነት ቢጫ ያደርጋቸዋል፤ ሽታውም የሌላውን ሁሉ ሽታ ይሸፍናል። ስለዚህ በጾሙ ብልቃጥ አንገት ላይ ነጭ ፈትል ታስርበታለች።

ጾም ላይ የሚያበስል ሰው አይቀምስም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ የማይል ሰው ጨዉን በግምት፣ ብስለቱን በድምፅ ነው የሚያውቀው። ሌላ ቦታ ስላሉ ወጥ ሠሪዎች አላውቅም፤ እኛ ግን ግማሹን ዓመት ያበሰልነው ሳንቀምስ ነው። "በጾም ቀን ምላስህ የለም" ትለኝ ነበር እትዬ ውዴ። "ዓይንህም ይዋሽሃል። ክሩን እመን።"

ሰባት ዓመት አብሬያት ሠራሁ። ከዚያ ጋሽ ምሕረቴ ኮሶዬ ላይ፣ የደባርቅ መንገድ ዳር፣ ሁለተኛ ቤት ከፈተና ወጥ ሠሪ አድርጎ ሰደደኝ። ያን ሰሞን እትዬ ውዴም ጉልበቷ ደከመና አገሯ ኮላ ድባ ገብታ የራሷን ትንሽ ምግብ ቤት ከፈተች። ስንለያይ ከፈትሉ ጥቅል ግማሹን ሰጠችኝ።

ኮሶዬ ብርድ ነው። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ወጥ ቤት ድረስ ይገባል። ሹፌሮች ይበሉ ነበር፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ተራራ ሊያዩ የሚሄዱ ፈረንጆችም ይበሉ ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ድንቼን እየላጥኩ ባዶውን አስፋልት አይ ነበር። የአካባቢው ገበሬ መጀመሪያ ካሪን አልወደደውም። አንድ ሽማግሌ ሳህኑን ገፋ አድርገው፣ "ምነው ልጄ፣ ይኸን ወጥ የወፍ በሽታ ይዞታል እንዴ?" አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ቆይተው ግን በየገበያው ቀን እየገቡ "ያን የታመመውን ድንች አምጣልኝ" ይሉኝ ጀመር።

እዚያ አገር የቅቤው ካሪ እንደ ሳሙና ይረጋል፤ ማንኪያ ቢተክሉበት ይቆማል። የኑግ ዘይቱ ግን አይረጋም። ስለዚህ ሁለቱን ለመለየት ብልቃጡን ማዘንበል ይበቃል። የሚፈሰው የጾም ነው፤ የማይፈሰው የፍስክ። አንድ ወር ሳይሞላ ክር ማሰሩን ተውኩት። ፈትሉ ግን አልባከነም፤ ግጥም የጻፍኩባቸውን ካርቶኖች እየሰፋሁ ደብተር አደረግኩበት። በዚያ ደብተር እኮራ ነበር። ዛሬ ልከፍተው አልወድም።

በሁለተኛው ዓመት ዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ እትዬ ውዴ ደወለች። እድሩ ሥራ በማይሠራበት የበዓል ቀን ስብሰባ ሊቀመጥ ነው፤ አርባ ሰው በዘጠኝ ሰዓት እሷ ቤት ሊበላ ነው። የምታግዛት ልጅ ታማባታለች። "ያዘጋጀኸው ካሪ ካለ ይዘህ ውረድ" አለችኝ። "የእኔ እጅ አልደርስ ብሏል።" እሷ እርዱኝ ስትል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለቱንም ብልቃጥ በጨርቅ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የቅቤውን ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ የነበረኝን ሁሉ ይዤላት ልሂድ ብዬ ነው መሰለኝ።

ኮላ ድባ ስደርስ የደንቢያ ሜዳ እንደ ምጣድ ግሏል። ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተጣብቋል። እትዬ ውዴ ሦስት ጉልቻ ላይ ሦስት ድስት ጥዳ፣ ሽምብራው ተቀቅሎ፣ ሽንኩርቱ በስሎ ካሪ ብቻ ይጠብቃል።

"የጾሙን አምጣ" አለችኝ።

ቦርሳዬን ከፍቼ እጄ የገባውን ብልቃጥ አወጣሁና አዘነበልኩት። ፈሰሰ። ሰጠኋት።

"ክሩስ?"

"ኮሶዬ ክር አያስፈልግም፣ እትዬ። የሚፈሰው የጾም ነው።"

ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ብልቃጡን ተቀብላ እሷም አዘነበለችው። "አንተ ካልክ" አለችና ሦስቱ ድስት ላይ አከፋፈለችው።

ቦርሳዬ ውስጥ የቀረውን አዘንብዬ ባየው ኖሮ እሱም ይፈስ ነበር። በዚያ ሙቀት የማይፈስ ቅቤ የለም። አላየሁትም።

በዘጠኝ ሰዓት ገቡ። ከሁሉ ፊት የእድሩ ዳኛ አያ ታከለ ነበሩ። የሰባ ሰባት ዓመት ሰው ናቸው፤ ጾም አፍርሰው አያውቁም ይባልላቸዋል። በክፉው ቀን፣ ሰው ያገኘውን ሲበላ፣ የተሰጣቸውን ወተት ለጎረቤት ልጅ አሳልፈው የሰጡ ሰው ናቸው። እጃቸውን ታጠቡ፣ ባረኩ፣ ቀመሱ።

"ውዴ!" አሉ ጮክ ብለው። "ይኸ ሽምብራ ሸጋ ነው። ይኸ ዘይት ከየት መጣ?"

"ከዚሁ ከእኛው ኑግ ነው፣ አያ" አለች እየሳቀች።

"እንግዲህ በሚመጣው ዓመትም ሌላ ቤት አንሄድም።"

ሳህኑን አጽድተው በሉ። ጨመሩ። እኔ ደስ ብሎኝ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። አርባ ሰው አንገቱን ደፍቶ ሲበላ ከማየት የበለጠ ለወጥ ሠሪ ምን አለ?

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ሳህን ማጠብ ጀመርኩ። ውኃው ከጉድጓድ የወጣ፣ አጥንት የሚሰብር ቀዝቃዛ ነው። የኑግ ዘይት በቀዝቃዛ ውኃ ቢሆንም በሳሙና ይለቃል። ይህ ግን አልለቀቀም። ጣቴ ላይ እንደ ሻማ ረግቶ ተለጠፈ። አሸሁት፤ ወፈረ። ሳህን አጣቢ ሆኜ ነው የጀመርኩት፤ እጄ ከእኔ በፊት አወቀ።

እትዬ ውዴ ጉልቻውን ስታጸዳ እጄን ዘረጋሁላት። ጣቴን በጣቷ ዳሰሰችው። የያዘችውን መጥረጊያ ግድግዳው ላይ በዝግታ አስደገፈችው።

"አያውቁትም" አልኳት። "ማንም አላወቀ። ባለማወቅ የበሉት ጾም አያፈርስም። ዝም እንበል።"

"የእነሱን ጾም ፈጣሪ ያውቅላቸዋል" አለች። "እነሱ ያመኑት ግን የእኔን እጅ ነው።"

"ብንናገር ከእንግዲህ ማን ይበላልሻል?"

"እሱን እኔም አስቤዋለሁ።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ደክሞኛል፣ አበባው። ይኸን ተሸክሜ ነገ ድስት መጣድ አልችልም።" ወደ በሩ ሄዳ መለስ አለች። "የምትነግራቸው አንተ ነህ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።"

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ጠበቅናቸው። አያ ታከለ ከዘራቸውን ተደግፈው ሲወጡ እትዬ ውዴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "አያ፣ ይኸ ልጅ የሚነግራችሁ አለው" አለችና ከእኔ እኩል ቆመች።

በዚያ ዕለት ወጥ ውስጥ የገባው ካሪ በቅቤ የበሰለ እንደነበረ ነገርኳቸው። ብልቃጡን ያቀበልኩት እኔ መሆኔንም ነገርኳቸው። በሁለት ዓረፍተ ነገር አለቀ።

አያ ታከለ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። "ከእኔ ሌላ ለማን ነገራችሁ?"

"የመጀመሪያው እርስዎ ነዎት።"

"ምነው ዝም ባላችሁኝ" አሉ። አልተቆጡም። ድምፃቸው ብርድ የገባው ሰው ድምፅ ነበር። "ምን ቀረኝ? ሳላውቅ ብሞት ምን ነበረበት?"

እትዬ ውዴ፣ "ዝም ብል ነገ የማበስለውን በየትኛው እጄ አቀርብላችኋለሁ?" አለች።

"ነገም አልበላ" ብለው ሄዱ።

ካህኑ ባለማወቅ የሆነ ነው ብለው ለበሉት ቀላል ስግደት ሰጧቸው፤ ለእኔ ትንሽ ከበድ ያለ። ገበያው ግን አልቀለለልንም። "እትዬ ውዴ ቤት ፋሲካ ቀድሞ ገብቷል!" እያሉ ይስቁ ነበር። የታዘዙ ድግሶች አንድ በአንድ ቀሩ። ከአርባው ሰው አንዱም ደጃችንን አልረገጠም። ኮሶዬ ቦታዬን ሌላ ሰው ይዞት ነበር፤ ባይዘውም አልመለስም ነበር። እዚያው ኮላ ድባ ቀረሁ። ለሁለት ሰው የሚበቃ ሽሮ በሦስት ጉልቻ መሐል እንሠራ ነበር። እትዬ ውዴ አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ያለችኝ አንድ ቃል ብቻ ነው፤ "ብልቃጡን እኔም አዘንብዬዋለሁ።"

ፋሲካ አለፈ፤ ጾም የሌለባቸው ሃምሳ ቀኖችም አለፉ። ጾሙ በተመለሰ በመጀመሪያው ረቡዕ ዝናብ ይጥል ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲል በሩ ጨለመ፤ አያ ታከለ ናቸው፤ ላስቲክ ተከናንበዋል። ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተቀመጡ።

"ምን አላችሁ?"

"ሽሮ አለ፣ አያ። ሽምብራ በካሪም አለ።" ሽሮውን ያስቀደምኩት አውቄ ነው።

"ሽምብራውን።" ልሄድ ስል ጠሩኝ። "ቆይ። ብልቃጡን አምጣው።"

ክር የታሰረበትን አምጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አንሥተው አዘነበሉት።

"ይፈሳል" አሉ።

"አዎ።"

"ያኛውም ይፈስ ነበር።"

"አዎ፣ አያ።"

የእኔን ክር በጥርሳቸው በጠሱት። ከጋቢያቸው ጫፍ አንድ ፈትል መዘው የብልቃጡን አንገት ሦስት ጊዜ አዞሩበትና አሰሩት። ቋጠሮው ጊዜ ወሰደባቸው። ላግዛቸው እጄን ስዘረጋ በክርናቸው መለሱኝ። ሲጨርሱ ወደ ላይ አየት አድርገውኝ፣ "ይኸን እኔ ካልፈታሁት ማንም አይፈታውም። በል አሁን አምጣ" አሉ።

በሉ። ሸጋ ነው አላሉም። ወደ ወጥ ቤት ስመለስ እትዬ ውዴ ምድጃው ጋ ቆማለች።

"በሉ?"

"በሉ።"

"ጨረሱት?"

"ጨረሱት።"

ዱካ ስባ ተቀመጠች። ምድጃው እየነደደ ስትቀመጥ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ረቡዕና ዐርብ እየመጡ ከመብላታቸው በፊት ብልቃጡን ያስመጡ ነበር። ቋጠሮውን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ ያደርጉና "እሺ" ይላሉ። ሌሎቹም ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ ሁሉም አይደሉም። እድሩ እስከ ዛሬ ስብሰባውን የሚበላው ሌላ ቤት ነው። እኔ ሦስት ዓመት እዚያ አበሰልኩ፤ ከዚያ ሳሉ መጣ።

ስለያት እትዬ ውዴ ብልቃጡን አጥባ ሰጠችኝ። አያ ታከለ አርፈው ነበርና ቋጠሮውን የሚፈታ የለም፤ እሷም አልፈታችውም። አሁን የትየባ ጠረጴዛዬ ላይ እስክሪብቶ አስቀምጥበታለሁ። ጥፍሬ ነጥቷል፤ ክሩ ግን ካሪ እንደነካው ቢጫ ሆኖ ቀርቷል።

ትናንት አንዲት አሮጊት ማመልከቻቸውን ጠቅልለው የሚያስሩበት አጥተው እጃቸውን ወደ ብልቃጡ ሰደዱ። "እማማ፣ እሱን ይተዉልኝ" አልኳቸውና የጫማዬን ማሰሪያ ፈትቼ ሰጠኋቸው።